የበረንዳ ገበሬ

አዲስ አበባ ውስጥ አትክልት ለመትከል የተነሣ ጀማሪ «መሬት ላይ ይሻለኛል ወይስ ባልዲ ውስጥ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ጥያቄው የግብርና ይምሰል እንጂ መልሱ ያለው ከቤት ካርታውና ከኪራይ ውሉ ላይ ነው። ግቢ ያለው መሬት ላይ ይተክላል፤ የኮንዶሚኒየም ዕጣ አራተኛ ፎቅ ላይ የሰቀለው በባልዲ ይተክላል፤ ግቢ እያለው በባልዲ የሚተክል ከተገኘ ደግሞ ግቢውን በሙሉ ንጣፍ አልብሶ ለጎመን የሚሆን ስንዝር መሬት ያላስቀረ ባለሀብት ነው።

መሬት ለጀማሪ ቸር ነው የሚባለው ሐሰት አይደለም። ሥሩ እንደ ልቡ ወደ ታች ስለሚወርድ ባለቤቱ አንድ ቀን ውኃ ማጠጣት ቢረሳ ጎመኑ አያኮርፍም፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስም የማጠጣቱን ሥራ ክረምቱ በነጻ ይሸፍናል። እርግጥ ነው፣ ዕድሉ አቃቂ አካባቢ ባለ ዋልካ ላይ የጣለው ሰው በክረምት ጫማ የሚያስቀረውን፣ በበጋ ደግሞ እጅ እስኪያስገባ የሚሰነጠቀውን ጥቁር አፈር በፍግ ማለዘብ ይኖርበታል። ይህ ግን ቀላሉ ችግር ነው። ከባዱ፣ መሬት ላይ የበቀለ ነገር ሁሉ የሰፈር መሆኑ ነው። ጤና አዳም የተከለ ሰው በየትኛው ቤት ቡና እንደተፈላ ሳይጠይቅ ያውቃል፤ አንድ ሕፃን በሩን ገፋ አድርጎ «እማዬ ጤና አዳም ስጡኝ ብላለች» ይላል፤ ተፈቅዶለት ሲገባም አንዲት ቅርንጫፍ ቀንጥሶ እንደ መውሰድ ተክሉን ከነሥሩ ይዞ ይወጣል። ለፋሲካ የተገዛው በግ ገመዱን በጥሶ ያደረ ዕለት ደግሞ መደቡ ባዶውን ይነጋል፤ ቤተሰቡም በበዓሉ ማዕድ ላይ ጎመኑ በዓይን የማይታይ ጎመን በሥጋ ይበላል።

በባልዲ የሚተክለው ከበግና ከሕፃን ቢያመልጥም ከመሬት ስበት አያመልጥም። ባለ 20 ሊትሩ የቀለም ባልዲ ታቹ ካልተበሳ ውኃው ይታቆርና የተክሉ ሥር ይበሰብሳል፤ ከተበሳ ደግሞ ጠብታው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ለእሑድ ታጥቦ የተሰጣውን ነጠላ ያቀልመዋል። ያን ጊዜ ከታች «ኧረ እናንተ ከላይ ያላችሁ! በጥር ክረምት ገባ እንዴ?» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ጉዳዩም ለብሎኩ ኮሚቴ ይቀርባል። መፍትሔው ከባልዲው ሥር ሰፋ ያለ ሳህን ማኖር ብቻ ነው፤ ኮሚቴው ግን እዚህ የሚደርሰው ከብዙ ስብሰባ በኋላ ነው። ከሜዳ ተዝቆ የመጣ አፈር ብቻውን ባልዲ ውስጥ ሲከርም ስለሚጠጥር ኮምፖስትና ጥቂት አሸዋ ሊቀላቀልበት ይገባል፤ ሊፍት በሌለው ሕንፃ ይህን ሁሉ በጆንያ የሚያወጣ ሰውም ደረጃው ላይ ያገኘው ጎረቤት ሁሉ «ቤት እያደሳችሁ ነው?» እያለ ይጠይቀዋል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለ የበጋ ፀሐይ ባልዲን ፈጥኖ ያደርቃል፤ ቧንቧው ደግሞ በፈረቃ ነው፤ ስለዚህ ቢጫው ጀሪካን ተቆርጦ ቆስጣ ይተከልበት ወይስ ሳይቆረጥ ውኃ ይጠራቀምበት የሚለው ክርክር ስንቱን ትዳር ፈትኗል።

ያም ሆኖ ለጀማሪ የምመክረው ባልዲውን ነው። ውርጭ ወይም በረዶ ሲመጣ ባልዲ ወደ ቤት ይገባል፤ መደብን ግን ሳሎን ያስገባ የለም። ትንሹ ዕቃ ቶሎ ስለሚደርቅ ትልቁን መምረጥ፣ በሰላጣ፣ በቆስጣና በበሶብላ መጀመር፣ አቮካዶን ለመሬት መተው ነው። የአቮካዶ ፍሬ በእርጎ ኩባያ ተክሎ ከአሁኑ ለዘመድ አዝማድ ቃል የገባ ሰው አውቃለሁ።

የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የበረንዳ ገበሬ ክብሩ ጨምሯል። እንግዳ ሲመጣ ጎመኑ መጀመሪያ ይጎበኛል፣ ቀጥሎ ፎቶ ይነሣል፣ በመጨረሻ ይቀነጠሳል፤ ከድስት ሲወጣ ግን እፍኝ አይሞላም። አባወራው «የራሳችን ነው፤ መድኃኒት የሚባል አልነካውም» ይላሉ፤ እንግዳውም «ጣዕሙ ለብቻው ነው!» የማለት ግዴታ አለበት። እንግዳን «በሞቴ» እያሉ በማጨናነቅ ሰፈር የሚያውቃቸው እማወራም ያን ዕለት ስለ ጎመኑ ትንፍሽ ሳይሉ ሽሮውን ገፋ አድርገው ወደ እንግዳው ያስጠጋሉ።