«ምልክት ካዩ ይሂዱ» የሚለው ምክር አይበቃም

ስለ አባላዘር በሽታዎች የሚሰጠው ምክር ብዙውን ጊዜ የሚያበቃው «እነዚህን ምልክቶች ካዩ ወደ ሐኪም ይሂዱ» በሚል ማሳሰቢያ ነው። ምክሩ በቅን ልብ የሚሰጥ ነው፤ ምልክት ያየ ሰው በእርግጥም መሄድ አለበት። ነገር ግን ብዙዎቻችን ከዚህ ማሳሰቢያ የምንይዘው ያልተጻፈውን ግማሽ ነው፦ ምንም ካላየን መሄድ አያስፈልገንም። ጉዳት የሚያደርሰውም ይኸው ያልተጻፈው ግማሽ ነው ብዬ አምናለሁ።

በመድኃኒት ፈጽመው የሚድኑት ዋና ዋናዎቹ የአባላዘር በሽታዎች አራት ናቸው፦ ቂጥኝ፣ ጨብጥ፣ ክላሚዲያና ትሪኮሞኒያሲስ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በእነዚህ በአራቱ ምክንያት 374 ሚሊዮን አዳዲስ ኢንፌክሽኖች እንደተከሰቱ ገምቷል። ይህም በቀን ከ1 ሚሊዮን በላይ ማለት ነው። ድርጅቱ አብዛኞቹ ምልክት እንደማያሳዩም ይናገራል። ምልክትን የምርመራ መግቢያ በር ካደረግነው፣ ብዙው ታማሚ ከበሩ ውጭ ይቀራል።

ምልክት ቢኖርም አመኔታ አይጣልበትም። ለዚህ ከቂጥኝ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ባክቴሪያው በገባበት ቦታ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ3 ሳምንት ገደማ፣ ቁስል ይወጣል። ቁስሉ አያምም። በአፍ ውስጥ፣ በፊንጢጣ ወይም በማኅፀን በር ላይ ከወጣ ባለቤቱ ጨርሶ ላያየው ይችላል። ቢያየውም ከ3 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ በራሱ ይደርቃል። ቅባት የተቀባው ሰው ቅባቱ አዳነኝ ይላል፤ ከመድኃኒት ቤት ያገኘውን ክኒን የዋጠው ክኒኑን ያመሰግናል፤ ምንም ያላደረገው ደግሞ ቀላል ነገር ነበር ብሎ ይረሳዋል። ሦስቱም ተሳስተዋል። ባክቴሪያው በደም ውስጥ ጉዞውን ቀጥሏል። ከሳምንታት በኋላ ሽፍታ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ አያሳክክም፤ በመዳፍና በውስጥ እግር ላይ ሲታይ ግን ሐኪምን ወዲያው ያስጠረጥራል። እሱም ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ዝም ሊል ይችላል፤ ሲመለስ ልብን፣ የደም ሥርንና አንጎልን ሊጎዳ ይችላል። እናቲቱ ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ወደ ጽንሱ ተሻግሮ ሕፃኑ ሞቶ እንዲወለድ ሊያደርግ ይችላል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሕክምናው ቀላል መሆኑ ነው። ፔኒሲሊን ቂጥኝን እንደሚያድን እ.ኤ.አ. በ1943 ከታወቀ ወዲህ ከ80 ዓመት በላይ ሆኖታል። በመጀመሪያው ደረጃ የተገኘ ቂጥኝ በአንድ ቀን በሚሰጥ የቤንዛታይን ፔኒሲሊን መርፌ ይድናል። ጊዜው የቆየ ከሆነ በሳምንት አንድ ጊዜ ለሦስት ሳምንት ይሰጣል። ለመጀመሪያው ምርመራ የሚያስፈልገው ከጣት የሚወሰድ የደም ጠብታ ነው።

ክላሚዲያ ከቂጥኝም የባሰ ዝምተኛ ነው። በሴቶች ላይ ወደ ማኅፀን ቱቦዎች ወጥቶ ጠባሳ ሊተው ይችላል፤ ጠባሳው ለመካንነትና ከማኅፀን ውጭ ለሚፈጠር እርግዝና ሊዳርግ ይችላል። አንዲት ሴት ይህ በሽታ አግኝቷት እንደነበር የምታውቀው ልጅ ፈልጋ ስታጣ ሊሆን ይችላል። በጊዜው ቢታወቅ ኖሮ የ7 ቀን ዶክሲሳይክሊን ይበቃት ነበር። ለምርመራውም ሽንት፣ ወይም ራሷ በጥጥ ዘንግ የምትወስደው ናሙና በቂ ነው።

የጨብጥ ነገር ይለያል። በወንዶች ላይ ብዙ ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሽንት ሲሸኑ በማቃጠልና መግል በሚመስል ፈሳሽ ራሱን ይገልጣል፤ በሴቶች ላይ ግን ብዙ ጊዜ ይደበቃል። ስለዚህ እሱ ይታከማል፤ እሷ ጤነኛ ነኝ ብላ ትቀመጣለች፤ እሱም ተመልሶ ይያዛል። የሰልፋ መድኃኒቶችን፣ ፔኒሲሊንን፣ ቴትራሳይክሊንንና ሲፕሮፍሎክሳሲንን ይህ ባክቴሪያ በየተራ ተላምዷቸዋል። ዛሬ በዋናነት የምንተማመነው ሴፍትሪያክሶን በተባለው መርፌ ነው፤ እሱንም መቋቋም የጀመሩ ዝርያዎች ተገኝተዋል። ከጓደኛ የተረፈ ክኒን መዋጥ ይህን ችግር ያባብሳል እንጂ አያድንም።

ምልክት በሌላ አቅጣጫም ያሳስታል። ከሴት ብልት የሚወጣ ያልተለመደ ፈሳሽ የግድ የአባላዘር በሽታ አይደለም፤ ካንዲዳ የተባለው ፈንገስ ወይም የብልት ባክቴሪያዎች ሚዛን መዛባት ሊሆን ይችላል። ላቦራቶሪ በሌለበት ቦታ ሐኪሙ በምልክት ብቻ ለማከም ይገደዳል፤ አልፈርድበትም። ነገር ግን በዚህ ግምት ብቻ ያልበደለች ሴት በትዳሯ ውስጥ ስትከሰስ ምን ያህል እንደምትጎዳ ማሰብ ይገባናል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን። እዚህ ግን በሽታው ራሱ ከታማሚው ተደብቋል፤ የማያውቀውን ሰው ደበቅህ ብሎ መውቀስ ልክ አይደለም። ሐኪሙ ነው ቀድሞ መጠየቅ ያለበት፤ የደም ግፊት በሚለካበት ድምፅና ፊት። አዲስ የፍቅር ግንኙነት ሲጀመር፣ እርግዝና ሲታወቅ፣ ያለ ኮንዶም ግንኙነት ከተፈጸመ በኋላ ምርመራው የተለመደ ነገር ይሁን። በጣም ቶሎ የተደረገ ምርመራ ነጻ ነህ ሊል ስለሚችል መቼ መደገም እንዳለበት መጠየቅ ይገባል። ለኤችአይቪ ተጋልጫለሁ ብሎ የሚሰጋ ሰው ግን መዘግየት የለበትም፤ መከላከያው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው። ሄፓታይተስ ቢን እና የማኅፀን በር ካንሰር የሚያመጣውን ኤችፒቪን የሚከላከሉ ክትባቶችም አሉ።

ከሁሉ የሚከብደው ለጓደኛ ወይም ለትዳር አጋር መናገር ነው። ክብደቱን አላቃልልም። ነገር ግን ምልክት ያልታየባት ሴት ያላት ብቸኛ ማስጠንቀቂያ ምልክት የታየበት ሰው ቃል ሊሆን ይችላል። መናገር ያቃተው ሰው የጤና ባለሙያውን እንዲረዳው መጠየቅ ይችላል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ መታከም፣ ሕክምናው ካለቀ በኋላም እስከ 7 ቀን ከግንኙነት መታቀብ፣ ጨብጥ፣ ክላሚዲያ ወይም ትሪኮሞኒያሲስ ከነበረም ከ3 ወር ገደማ በኋላ፣ ምንም ባይሰማቸውም እንኳ፣ ተመልሰው መመርመር አለባቸው።