አንደርሰን ተረት ሰብሳቢ አልነበረም

ስለ ዴንማርካዊው ደራሲ ሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን ለልጆች የተዘጋጀ ሥዕላዊ የሕይወት ታሪክ በተነሣ ቁጥር፣ «እንደ ግሪም ወንድማማቾች በየመንደሩ ዞሮ ከሽማግሌዎች የሰማውን ነው የጻፈው» የሚል አስተያየት ይደጋገማል። ከየት እንደመጣ ይገባል፤ የእሱም ሆነ የጀርመናውያኑ ተረት ሰብሳቢዎች የግሪሞች መጻሕፍት ከአንድ መደርደሪያ ላይ ነው የሚገኙት። ግን ትክክል አይደለም። (ግሪሞቹም ቢሆኑ፣ ብዙዎቹ ተራኪዎች ራሳቸው ቤታቸው ድረስ እየመጡ ነበር የሚነግሯቸው።)

አንደርሰን ከ150 በላይ ተረቶች ጽፏል፤ አብዛኞቹ የራሱ ፈጠራ ናቸው። በልጅነቱ በትውልድ ከተማው ኦደንሴ ውስጥ ከሰማቸው የተነሡት ጥቂት ናቸው፤ በ1835 እ.ኤ.አ. በወጣችው የመጀመሪያ ትንሽ መጽሐፉ ካሉት አራት ተረቶች ሦስቱ ከእነዚህ ናቸው። «አስቀያሚው የዳክዬ ጫጩት» (1843) ግን ከእሱ በፊት የትም አልነበረም።

ለማጣራት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1837 ለአዋቂ አንባቢዎች በጻፈው መቅድም የተረቶቹን ምንጭ ራሱ ይናገራል፦ «የንጉሡ አዲስ ልብስ» ከስፔን የመጣ ነው፣ «ትንሿ የባሕር ልጅ» ደግሞ የራሱ ፈጠራ ናት። ግሪሞቹም ለተረቶቻቸው የምንጭ ማስታወሻ አሳትመዋል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ይበቃል።

ስሕተቱ ቀላል አይደለም። ሠዓሊው አንደርሰንን ማስታወሻ ደብተር ይዞ ከአሮጊት እግር ሥር ካስቀመጠው፣ ልጁ የሚያየው ጸሐፊ ሳይሆን ገልባጭ ነው። ተርጓሚም «የሕዝብ ተረት ነው» ብሎ የደራሲውን ስም ይተዋል፤ የባሕሯ ልጅ ልዑሉን ሳታገባ ወደ አረፋነት የምትለወጥበትን ቦታም በሠርግ ይተካዋል።