ተሞክሮ ቀማሪዎቻችን ይኑሩልን

እኔ ለልምድ ልውውጥ የሚጓዙ ሰዎችን ማማት አልወድም። ለእኛ ሲሉ በዴንማርክ ብርድ ሻንጣ እየጎተቱ ይንከራተታሉ። የአበሉን ነገር ተዉት፣ ሰው ለደከመበት ቢከፈለው ምን አለበት?

ሰሞኑን ደሴ ላይ ሪፖርታቸውን ቁጭ ብዬ አዳመጥኩ። ስለ ንጹሕ ኃይልና ሥራ ዕድል ፈጠራ ነው። ፎቶው በሽ በሽ! ኤስቢየርግ የሚባለው የዴንማርክ ወደብ፣ ድሮ የዓሣ አጥማጆች፣ ኋላ የነዳጅና ጋዝ፣ ዛሬ ደግሞ ባሕር ላይ የሚተከሉ የነፋስ ተርባይኖች የሚጫኑበት፣ ከነሰልፊው ቀረበልን። ሠራተኛ ግን አንድም ፎቶ ላይ የለም። ፍሬሙን ያበላሻል መሰለኝ።

እዚያ አገር ከሦስት ሠራተኛ ሁለቱ ገደማ የማኅበር አባል ነው። ዝቅተኛ ደመወዝ በሕግ አልተወሰነም፤ የሠራተኛ ማኅበሩና አሠሪው ተደራድረው በኅብረት ስምምነት ይወስኑታል። የኛ ሰዎች ይህን ተሞክሮ «ከነባራዊ ሁኔታችን ጋር አጣጥመው» ነው ያመጡልን። በግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ ደመወዝ እኛም ጋ በሕግ አልተወሰነም፣ እሰይ፣ ግማሹን ሳንሄድም ደርሰንበታል ማለት ነው! ድርድሩ ብቻ ነው የቀረን።

የአሜሪካም ተነሣ። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕጋቸው፣ ኩባንያው በአካባቢው ለሙያው የሚከፈለውን ደመወዝ ከከፈለና ተለማማጅ ካሠራ የንጹሕ ኃይል ታክስ ማበረታቻውን 5 እጥፍ ያደርግለታል። የታክሱ ክፍል በሰፊው ተብራራ፣ ተጨበጨበ። የደመወዙን ለማብራራት ሰዓት አልበቃም፣ ሻይ ሰዓት ደርሶ ነበር።

ከሻይ በኋላ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ከኮምቦልቻ የመጣ ልጅ እጁን አወጣ። በየጣራው ሶላር ይገጥማል። መዳፉ በቆርቆሮ ተተልትሏል፤ የደኅንነት ቀበቶ ሲጠይቅ የተሰጠው ገመድ ነው፣ ያውም በሬ የሚታሰርበት።

«ጋሼ፣ እዚያ ጣራ ላይ የሚሠራ ሰው ወድቆ ቢሰበር የሚያሳክመው ማነው?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው የኔ ልጅ፣ እንደ ግብዓት ወስደነዋል።»

ልጁም ግብዓት ሆኖ ተቀመጠ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጃችን ቁጥር 1156/2011 አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል ይላል። ይህን ለማንበብ ፓስፖርት አያስፈልግም፣ ለዚህ ነው መሰለኝ ማንም ተሞክሮ ብሎ የማይቀምረው። ውጭ ስንወጣ ልጁን ስንት ናችሁ አልኩት። ዘጠኝ ናቸው። አሥረኛ ሲቀጠር ከነባሮቹ አንዱ ይሰናበታል። አያችሁልኝ፣ አዋጁን በደንብ ያነበበ አንድ ሰው ቢኖር አሠሪያቸው ነው፤ እሱን ነበር መሸለም!

ቀጣዩ ጉዞ ወደ ስፔን ነው ተብሏል። በ2018 እ.ኤ.አ. የከሰል ማዕድን ማውጫዎቻቸውን ሊዘጉ ሲሉ መንግሥት ከሠራተኛ ማኅበራቱ ጋር ተቀምጦ ተደራደረ፣ ለሠራተኛውና ለአካባቢው 250 ሚሊዮን ዩሮ የሚመድብ ስምምነት ተፈረመ። ፀሐይዋም ግሩም ናት አሉ። የተጓዦቹ ዝርዝር ወጥቷል፤ ጣራ ላይ ወጥቶ የሚያውቅ የለበትም እንጂ ፎቶ አንሺም ፕሮቶኮልም ተሟልቷል። በድምሩ 12 ናቸው። ማኅበር ለማቋቋም ይበቃሉ።