እንኳን ከነጫማዎ መጡ

ቢሾፍቱ ዳር ባለች ግቢዬ 600 እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ነበሩኝ። አሁን ስንት እንዳሉ ቆየት ብዬ እነግራችኋለሁ። ከጎናቸው ደግሞ "እስኪ ይሞከር" ብዬ የጀመርኳቸው 40 ድርጭቶችና 7 ጅግራዎች አሉ። ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ ወፎቹ አይደለም። እነሱን ሊያይ ስለሚመጣው ክቡር ጎብኚ ነው። ስለ ዶሮ ብዙ ተብሏል። ጎብኚው ግን የሚገባውን ያህል አልተመሰገነም።

በግቢዬ በር ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ ማስታወቂያ አለ። "ያለ ፈቃድ መግባት ክልክል ነው። ባለፉት 72 ሰዓታት ሌላ ዶሮ ጋ የነበረ አይገባም። ጫማ ቀይሩ። እግር ንከሩ። እጅ ታጠቡ።" ስጽፈው ገና ጀማሪ ነበርኩ። በኋላ እንደገባኝ፣ ማስታወቂያ የሚጻፈው ለሌላ ሰው ነው። ያ ሌላ ሰው ደግሞ እስከ ዛሬ መጥቶ አያውቅም። በሩ ይንኳኳል። ዘበኛችን "ማን ነው?" ይላል። "እኔ ነኝ" ይባላል። አለቀ። "እኔ ነኝ" ላለ ሰው በር የሚዘጋ ዘበኛ በዚህ አገር አልተወለደም።

72 ሰዓት የሚለውን ያነበበ አንድ እንግዳ ግን ነበረኝ። ላመሰግነው ይገባል፣ ቢያንስ አንብቧል። "ዶሮ አለህ እንዴ?" አልኩት። "ኧረ የለኝም!" አለ። ወሬ ስንቀጥል ጓሮው ውስጥ 4 የሀበሻ ዶሮዎች እንዳሉት ታወቀ። "እነሱማ የቤት ናቸው" አለኝ፣ ቤተሰቡን የሰደብኩበት ያህል ቅር ብሎት። መኪናው ውስጥ፣ ከኋላ በኩል፣ እግሯ የታሰረ ዶሮ ትንኮሻኮሻለች። እሷስ? "እሷማ የበዓል ናት።"

ከበሩ ቀጥሎ መድኃኒት የሚሞላበት የሲሚንቶ መንከሪያ አለ። ስፋቱ ከአንድ እርምጃ ትንሽ ይበልጣል። እንዲያ ያሰራሁት ማንም እንዳይዘለው ብዬ ነው። የዋህነቴ! ሙሉ ሱፍ የለበሱ፣ 60 ዓመት ያለፋቸው አባት ኮታቸውን ሰብስበው ሲዘሉ በአይኔ አይቻለሁ። በርዝመት ዝላይ አገራችን የኦሎምፒክ ሜዳሊያ የላትም ሲባል ይገርመኛል። አሰልጣኞቹ ዶሮ እርባታ በር ላይ አይቆሙም ማለት ነው። መዝለል የማይሆንለት ደግሞ የጫማውን ጫፍ ብቻ ነካ አድርጎ ያልፋል። እንደ ጸበል። ከነካ ነካ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የቤት ምስጢር ልንገራችሁ። ቢነከርም ያው ነው። ጭቃና ኩስ የያዘ ጫማ መጀመሪያ በብሩሽ ካልተፋቀ መድኃኒቱ ምንም አያደርገውም። መድኃኒቱ ራሱም ቆሻሻ ሲበዛበት ኃይሉን ያጣል፣ በየቀኑ መቀየር አለበት። የኛ መንከሪያ ሰኞ ተሞልቶ ሐሙስ ላይ ሰጋቱራ ይንሳፈፍበታል። ዝንብ ይዋኝበታል። ለማንም እንዳትነግሩ።

ከሁሉም የማደንቀው ጎረቤቴን ነው፣ ዶሮ አርቢውን። እሱ ባዶ እጁን አይመጣም። በቀደም ማለዳ ፌስታል አንጠልጥሎ መጣ። ቀጥታ ዶሮ ቤቱ ውስጥ ገባና መሃል ላይ ቆሞ ፌስታሉን ፈታ። የሞተች ዶሮ! አንገቷ ተጠማዟል። "እስኪ እያት" አለኝ። "ትናንት 11 ሞቱብኝ። ኩሳቸው አረንጓዴ ሆኗል። ያንተዎቹንም እንዲህ ያደርጋቸዋል?" እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላደረጋቸውም ነበር። እንዴት ያለ አሳቢ ጎረቤት ነው! ሌላው ሰው የእንስሳት ሐኪም ጋ ይሄዳል። እሱ ግን ለማመሳከር እንዲመቸን በሽታውን እቤቴ ድረስ ይዞልኝ መጣ።

አንገት የሚጠመዝዘው ያው ፈንግል ነው። ፈረንጆቹ በ1926 እ.ኤ.አ. ኒውካስል በምትባል የእንግሊዝ ከተማ አይተውት የከተማዋን ስም ሰጡት። ከታመመችው ዶሮ በትንፋሽና በኩስ ይወጣል። ከዚያ በጫማ፣ በልብስ፣ በመኪና ጎማ ይጓዛል። በእንቁላል ትሪም ይጓዛል። ነጋዴው ስንት ግቢ አዙሮ የሚያመጣው የካርቶን ትሪ የየቤቱ ኩስ እንደ ቪዛ ተመትቶበታል። ምልክቱ ታዲያ ወዲያው አይታይም። ብዙ ጊዜ 5 ወይም 6 ቀን ይፈጃል። ይሄ ለእንግዳ ክብር ታስቦ የተደረገ ይመስለኛል። ዶሮዎቹ ማንጋጠጥ ሲጀምሩ ጎብኚው ቤቱ ገብቶ፣ ቡናውን ጠጥቶ፣ ረስቶናል። አበው እንግዳ ፊት ወርቅ፣ ኋላ ብር፣ ኋላ ጨርቅ ነው ይላሉ። ከጨርቁ በኋላ ያለውን ግን አልነገሩንም።

ታዲያ ዶሮ ሲያልቅ የሚወቀሰው ማን ነው? አይን። "የሰው አይን በላቸው" ይባላል። ይሄ ነው አያቴን ያስታወሰኝ። እሷ ጫጩት ሲፈለፈልላት ለማንም አታሳይም። ቅርጫት ደፍታ ላዩ ላይ አሮጌ ነጠላ ጣል ታደርጋለች። እንግዳ ሲመጣ ከደጅ ተቀብላ በሌላ በኩል ታስገባለች። "አይን እንዳይገባባቸው" ትላለች። እኛ የተማርነው እንስቅባት ነበር። አሁን ሳስበው የአያቴ ቅርጫት ከኔ የሲሚንቶ መንከሪያ የተሻለ ይጠብቅ ነበር። እሷ አይኑን ስትከለክል ጫማውም አብሮ ይቀራል። እኛ ሰልጥነን አይንን ናቅን፣ ጫማውን አስገባን።

በቡድን የሚመጡትን ሳላመሰግን ባልፍ ደግሞ ነውር ነው። "የልምድ ልውውጥ" ይሉታል። የሚለዋወጡት ልምድ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! አንድ ቀን 23 ሰው በሶስት መኪና መጣ። ጠዋት ሁለት እርባታ አይተው ነው የመጡት፣ ከኔ በኋላ ደግሞ ሌላ አንድ ይቀራቸዋል። "ከእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ እየወሰድን ነው" አሉኝ። አምኛቸዋለሁ። አራት ነጭ ጋዋን ነበረኝ። ለአራቱ ትልልቅ ሰዎች ተሰጠ፣ ቫይረስ ማዕረግ አይቶ ነውና የሚጠጋው። እነሱ ፎቶ ተነስተው ሲጨርሱ ያው ጋዋን ለሚቀጥሉት አራት ዞረ። ካሜራ ማኑ እግሩን በደንብ ነከረ፣ ሐቁን መናገር አለብኝ። ባለ ሶስት እግሩ የካሜራ መቆሚያ ግን ደርቆ ገባ።

ድርጭቶቹ ጋ ሲደርሱ አንዱ "እስራኤላውያን በምድረ በዳ የበሏት ይቺን ነው?" ብሎ በደስታ አጨበጨበ። ድርጭት ስትደነግጥ ቀጥ ብላ ወደ ላይ ነው የምትወነጨፈው። 40 አናት ከቆርቆሮው ጋር ተላተመ። "ዋው፣ ንቁ ናቸው!" ተባለ። ጅግራዎቹ ጩኸታቸውን ለቀቁት። ጅግራ ጥሩ ጠባቂ ነው ሲባል ሰምቼ ነበር ያመጣኋቸው። እውነት ነው። እንግዳ ሲመጣ ከዘበኛችን ቀድመው ይጮሃሉ። ደግሞ የሻይ አይቀበሉም።

እኔ ራሴስ ምን አፍ አለኝ? ድርጭት እምብዛም ሳትታመም የፈንግልን ቫይረስ ልትይዝ እንደምትችል አውቃለሁ። የተለያየ ወፍ አንድ ግቢ ውስጥ እንደማይቀላቀልም አውቃለሁ። ግን ለጎብኚ ያምራል።

ከአሜሪካ የመጣው የአክስቴ ልጅ የመንከሪያውን ነገር በጣም አደነቀ። "እዚህም ደረጃ ደርሳችኋል!" አለ፣ በጎን እያለፈው። ትንሿን ልጁን "ቤቢ፣ ጫጩቷን ሳሚያት" አላት። ሳመቻት። ሊወጣ ሲል ግን ፊቱ ተለዋወጠና ብሩሽና ሳሙና ጠየቀ። ቁጭ ብሎ የጫማውን ሶል ስንጥቅ በስንጥቅ፣ በስንጥር እየፈነቀለ አጠበ። ምነው ብለው፣ "አሜሪካ ስንገባ ፎርሙ ላይ እርሻ ቦታ ነበርክ ወይ፣ እንስሳ ነክተሃል ወይ የሚል አለ፣ ጫማህን ሊያዩት ይችላሉ" አለኝ። ለአሜሪካ ዶሮዎች እንዴት ያለ ርኅራኄ ነው! አይተዋቸው አያውቁም፣ ግን ይሳሱላቸዋል። እጣቢውን የት እንደደፋው ትጠይቁኝ ይሆናል። ዶሮ ቤቱ በር ላይ።

ስለ ጥንቃቄ አፌን ስከፍት መልሱ ሁሌም አንድ ነው። "ክትባት ሰጥተህ የለ እንዴ?" ሰጥቻለሁ። የእንስሳት ክትባት የሚያመርተው ኢንስቲትዩት እዚሁ ቢሾፍቱ ነው፣ ዕድሜው ከ60 ዓመት በላይ ሆኗል። የፈንግሉንም፣ ጉምቦሮ የሚባለውን የሌላውን የዶሮ በሽታም እናገኛለን። ዶሮዎቹን ውሃ አስጠምቼ፣ ክሎሪን በሌለው ውሃ በጥብጬ፣ ማለዳ ተነስቼ ነው የምሰጠው። ክትባቱ በቅጡ ከደረሳት ዶሮዋን ከሞት ይጠብቃታል እንጂ ቫይረሱ ጭራሽ እንዳይገባባትና ወደ ሌላው እንዳይወጣ ማድረግ ግን አይችልም። ከመሃል በቅጡ ያልተከተበችም አትጠፋም፣ ሁሉም እኩል አይጠጣም። ይሄን ለአንድ እንግዳ ላስረዳ ሞከርኩ። ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝና "ወንድሜ፣ ታካብዳለህ" አለኝ።

ዛሬ ጠዋት የቆጠርኩት 187 ነው።

ወሬው ሰፈር ውስጥ ተሰማ። ለቅሶ ደራሹ ጎረፈ። መቼም በሐዘን ቀን ሰው አይቀርም። ዶሮ ያለው ሁሉ መጣ። እስከ ውስጥ ገብቶ የወደቁትን በጫማው ጫፍ ገልበጥ እያደረገ አየ። ከንፈሩን መጠጠ። "አይን ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም" አለ። ከዚያ "ዶሮዎቼ አልበሉም" ብሎ እየተቻኮለ ወደ ቤቱ ሄደ።

ማታ ላይ ባለፌስታሉ ጎረቤቴ ደወለ። ድምፁ ተሰብሯል። የሱ ሙሉ በሙሉ አልቀዋል። ለራሱ አላዘነም፣ የደወለው እኔን ሊያጽናና ነው።

"አይዞህ" አለኝ። "ባዶ ቤት እንዳይሆንብህ፣ ወንድሜ ጋ ሄጄ ሁለት ቄቦች ለምኜልሃለሁ። ነገ በጠዋት ይዤልህ እመጣለሁ። ዘራቸው ጥሩ ነው፣ ትንሽ ፈዘዝ ብለዋል እንጂ።"