ኧረ ማሲንቆውን አሰሙን!
ቅዳሜ ማታ ስታዲየም አካባቢ አንድ አዳራሽ የባህል ሙዚቃ ኮንሰርት ልሰማ ሄጄ ተቃጥዬ ተመለስኩ። ማሲንቆ ላይ እኮ ያለችው አንድ የፈረስ ጭራ ክር ናት! እሷንም ከኪቦርድና ከድራም ሥር ቀበሯት፤ ልጁ መድረክ ላይ በላብ ተጠምቆ ይገዘግዛል፣ እኛ የምንሰማው ዱም ዱም ብቻ። አምባሰል ሲጀምር ልቤ ቀጥ አለ፣ በቃ አሁንስ ዝም ይሉለታል ብዬ። ምን ዋጋ አለው፣ ኪቦርዱ ወዲያው ገባበት። ከፊቴ ያለው ሰውዬ ደግሞ ስልኩን ሰቅሎ እስከ መጨረሻው አላወረደም። አልበሞቹም ያው ናቸው፣ ሽፋኑ ላይ ክራር ይሳልና ውስጡ የኮምፒውተር ድምፅ ነው። ያናድዳል! ቆይ፣ አንድ ማይክ ወደ ማሲንቆው ማስጠጋት ይሄን ያህል ይከብዳል?