ማስተካከያ፦ ስለ ዮሩባና ኢግቦ የልማት ፉክክር
ስለ ናይጄሪያ ባለፈው በጻፍኩት ላይ «ነፃ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት የጀመሩት ዮሩባዎች ብቻ ናቸው» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ። ዮሩባዎች የሚበዙበትና በኦባፌሚ አዎሎዎ የሚመራው ምዕራባዊ ክልል በ1955 (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ቀድሞ መጀመሩ እውነት ነው። ግን ኢግቦዎች የሚበዙበት ምሥራቃዊ ክልልም፣ በናምዲ አዚኪዌ የመሪነት ዘመን፣ በ1957 ጀምሯል። ብዙም ሳይቆይ ገንዘብ አጠረውና ከፊሉን ክፍያ መልሶ አመጣ። ምዕራቡ የኮኮዋ ገቢ ነበረው። ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። እኔ ግን የምሥራቁን ሰዎች ለትምህርት ግድ እንደሌላቸው አስመስዬ አለፍኩ፤ በጣም ቆጭቶኛል። እንዲያውም የክልል ዩኒቨርሲቲ በመክፈት የቀደሙት እነሱ ናቸው። የንሱካ ዩኒቨርሲቲ በ1960 ተከፈተ። የምዕራቡ የኢፌ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር የጀመረው በ1962 ነው።