እርማት፦ የመጫወቻ ካርታን በአንድ እጅ ለማገላበጥ ረጅም ጣት አያስፈልግም

«ጣትህ አጭር ከሆነ ካርዲስትሪ (የመጫወቻ ካርታን በእጅ እያገላበጡ ትርኢት የማሳየት ጥበብ) ይቅርብህ» ብለህ ለድሬዳዋው የሳቢያን ሰፈር ልጅ የመለስክለት ልክ አይደለም፣ ወንድሜ። ብዙ ሰው ስለሚለው አልፈርድብህም፤ ግን ስንቱን ጀማሪ ገና ሳይነካው ያስተወዋል!

ብዙዎች የሚጀምሩበትን «ቻርሊየር»ን እንውሰድ፤ ካርታን በአንድ እጅ ለሁለት ከፍሎ ማገላበጥ ነው። ካርታው መዳፍ ላይ አይተኛም፤ ከፍ ብሎ በጣት ጫፎች ይያዛል። አውራ ጣት ላላ ሲል የታችኛው ግማሽ መዳፍ ላይ ይወድቃል። አመልካች ጣት ከስር ገፍቶ ወደ አውራ ጣት ያቆመዋል፤ ያኔ የላይኛው ግማሽ ከስሩ ሾልኮ ይገባል። ጀማሪ የሚያቅተው ካርታውን ከመዳፉ አጣብቆ ስለሚይዝ ነው፤ መዞሪያ ቦታ ያጣል።

እጁ በእርግጥ ትንሽ ከሆነም መላ አለው፦ የፖከር ካርታ ወርዱ 63 ሚሊሜትር ግድም ነው፣ የብሪጅ 57። በጠባቡ ይጀምር።

የድሬ ልጅ ከጣቱ ይልቅ ላቡን ይጠንቀቅ። በቀትር ሙቀት እጅ ሲያልበው ካርታው እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ እንደ ማራገቢያ ልዘርጋው ቢልም እሺ አይለውም። አመሻሽ ላይ ቀዝቀዝ ሲል እጁን ታጥቦ፣ በደንብ አድርቆ፣ አልጋ ላይ ተቀምጦ ይለማመድ፤ የወደቀውን ለመልቀምም ይቀለዋል።